በመንዝ ደጋ ድንገተኛ ሕመም የሚጠራባቸው ቃላትና ታሪካቸው

አንድ ሕዝብ ስለ ሕመም ያለውን አስተሳሰብ ለማወቅ የሚፈልግ ተመራማሪ ብዙ ጊዜ ሥራውን የሚጀምረው ከመድኃኒቱ ነው። ቅጠሉን፥ ሥሩን፥ ክታቡን፥ ጠበሉን ይዘረዝራል፤ እያንዳንዱ ለየትኛው ሕመም እንደሚሰጥም ይጽፋል። ይህ መንገድ ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን ከመድኃኒቱ የሚቀድም ሌላ ነገር መኖሩን ያስረሳል፤ ይኸውም ስም ነው። ሰው በድንገት ሲወድቅ በዙሪያው ያሉት ሰዎች መድኃኒት ከመፈለጋቸው በፊት «ምን ሆነ?» ብለው ይጠያየቃሉ፤ ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠውም መልስ ቀጥሎ የሚደረገውን ነገር ሁሉ ይወስናል። ለቆየ ሕመም፥ ለሳልም ሆነ ለቁርጥማት፥ ስሙን አመዛዝኖ ለመስጠት ጊዜ አለ። በድንገተኛ ሕመም ጊዜ ግን ስሙና ፍርዱ በአንድ ትንፋሽ ይነገራሉ።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በሰሜን ሸዋ፥ በመንዝ፥ በግሼና በመርሐ ቤቴ ደጋ ድንገተኛ ሕመም የሚጠራባቸውን ዋና ዋና ቃላት ከነታሪካቸው መመርመር ነው። ከቃላቱ አብዛኞቹ በሸዋ ብቻ ሳይሆን አማርኛ በሚነገርበት አገር ሁሉ የታወቁ ናቸው። ይሁን እንጂ ጥናቱን በመንዝ ላይ ለማቆም ሦስት ምክንያቶች አሉ። አንደኛ፥ ለብዙዎቹ ስሞች ታሪክ መነሻ የሚሆነው የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከተማ ደብረ ብርሃን የመንዝ ጎረቤት ነው። ሁለተኛ፥ በቅርቡ ዘመን የመንዝን ኑሮ የመረመሩ የውጭ አገር ሊቃውንት ስለ ቡዳ የተጻፈ የታወቀ ጥናት ትተዋል። ሦስተኛ፥ የአገሩ አቀማመጥ ራሱ ድንገተኛ መውደቅን ከሌላው ቦታ ይልቅ አደገኛ ያደርገዋል። የመንዝ ቀያ ገብርኤል ወረዳ ከተማ ከሆነችው ከዘመሮ ጀምሮ እስከ ጓሳ ድረስ ያለው ደጋ በብዙ ቦታ ወደ 3,000 ሜትር ከፍታ ይጠጋል ወይም ያልፋል። ብርዱ ጽኑ ስለ ሆነ በየቤቱ መካከል ምድጃ ይነዳል፤ ከመንደሩ ጠርዝ ደግሞ ገደል ይጀምራል። በእንዲህ ያለ አገር የሚወድቅ ሰው የወደቀበት ቦታ ከሕመሙ ይልቅ ሊጎዳው ይችላል።

1. ሕመሙ ባለቤት፥ ሰው ተሳቢ

በአማርኛ ሰዋስው ሕመም የሚነገርበት መንገድ ልዩ ነው። «ራበኝ፥ ጠማኝ፥ በረደኝ፥ አመመኝ፥ አዞረኝ» በሚሉት ግሦች የሚናገረው ሰው ባለቤት አይደለም፤ ተሳቢ ነው። ድርጊቱን የሚፈጽመው ስሙ ያልተጠራ ሦስተኛ ወገን ነው። ስለዚህ የአማርኛ ተናጋሪ ሕመምን እንደ ሀብት «አለኝ» ከሚል ይልቅ በላዩ እንደ ደረሰ ኃይል አድርጎ ይናገራል።

በድንገተኛ ሕመም ጊዜ ይህ ስም የለሽ ባለቤት ስም ያገኛል፤ ግሡም ይበረታል። ግሦቹን በየወገናቸው ብንለያቸው ስድስት ያህል እናገኛለን። የመጀመሪያው የመምታት ወገን ነው፤ «ምች መታው፥ መጋኛ መታው» ይባላል። «ምች»፥ «ምት»፥ «ምታት» የሚሉት ስሞች «መታ» ከሚለው ግሥ ጋራ የሚዛመዱ መሆናቸውን «መቺ» በሚለው ቃል የሚታየው የ«ተ» ወደ «ቸ» መለወጥ ይደግፈዋል። ሁለተኛው የመውጋትና የመቁረጥ ወገን ነው፤ «ውጋት ወጋው፥ ቁርጠት ቆረጠው፥ ራሱን ፈለጠው» የሚሉት ከዚህ ይመደባሉ። ሦስተኛው የመጣል ወገን ሲሆን «የሚጥል በሽታ» የሚለው የታወቀ ስም የወጣው ከዚህ ነው። አራተኛው የመያዝና የመስፈር ወገን ነው፤ «ጋኔን ያዘው፥ ዛር ሰፈረበት» ይባላል። አምስተኛው የመልከፍ ወገን ነው፤ ልክፍት የነካ፥ ግን የነካው ያልታየ ኃይል ሥራ ነው። ስድስተኛው የመብላት ወገን ነው፤ «ቡዳ በላው» የሚለው ብቻውን ይህን ወገን ይሞላዋል። ከእነዚህ ሁሉ በላይ «ቀሠፈው» የሚለው ግሥ አለ። በግዕዝ ቀሠፈ ማለት ገረፈ፥ ቀጣ ማለት ስለ ሆነ፥ ጤነኛ ሳለ በድንገት የሞተ ሰው «ተቀሠፈ» ሲባል ሞቱ ከላይ የመጣ ቅጣት መሆኑ በቃሉ ውስጥ ተነግሮ አልቋል።

ከዚህ ሥርዓት የሚወጣው «ራሱን ሳተ» የሚለው አነጋገር ነው። በዚህ አነጋገር ሰውየው ባለቤት ሆኖ ይቆያል፤ የሳተውም የራሱን ራስ ወይም ነፍሱን ነው። ከእርሱ ጋራ የሚሄዱ ከ«አለ» ጋራ የሚጣመሩ ቃላት ደግሞ አሉ፤ «ክው አለ፥ ዝልፍልፍ አለ፥ ስልምልም አለ፥ ቀጥ አለ» የሚሉት ናቸው። እነዚህ ቃላት የመጣውን ነገር መልክና ፍጥነት ብቻ ይሥላሉ፤ ማን እንዳደረገው አይናገሩም። ስለዚህ አማርኛ ድንገተኛ ሕመምን የሚናገርባቸው ሁለት መንገዶች አሉት ማለት ነው፤ አንደኛው አድራጊውን የሚከስ፥ ሁለተኛው የታየውን ብቻ የሚመሰክር። ይህ ልዩነት በሚከተሉት ክፍሎች ሁሉ ተመልሶ ይመጣል።

መዝገበ ቃላት በፊደል ተራ የተዘጋጀ በመሆኑ «ምች»ን በ«መ»፥ «ቡዳ»ን በ«በ» ያስቀምጣቸዋል፤ ስሙን ከግሡ፥ ግሡንም ከሚያስከትለው ሥራ ይለያል። በሕዝቡ አፍ ግን ሦስቱ አይለያዩም። ምች የመታው ሰው ዳማ ከሴ ታሽቶ ይሸተዋል፥ ይቀባል፥ ይጠጣልም፤ በላብ ወይም በምግብ ሽታ ወደ ፀሐይ መውጣቱ እንደ ምክንያት ስለሚቆጠር የሚከሰስ ሰው የለም። ለመጋኛ ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ይፈለጋሉ። ቡዳ የበላው ሰው ግን ይታጠናል፥ አውራ ጣቱ ይታሰራል፥ «ማነህ?» ተብሎም ይጠየቃል፤ ምክንያቱም የበላው ሰው ሊኖር ግድ ነው። ስለዚህ ግሡ መድኃኒቱን ይጠራል፤ መድኃኒቱም አንዳንድ ጊዜ ተከሳሹን ይጠራል።

2. ከጣዖት ስም ወደ ሕመም ስም

ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1434 እስከ 1468 ዓመት ነገሡ፤ በመንግሥታቸው መጨረሻ ዘመንም በደብረ ብርሃን ተቀመጡ። ታሪከ ነገሥታቸው እንደሚነግረን በዘመናቸው ደስክና ዲኖ የተባሉትን ያመልካሉ የተባሉ ሰዎች በጽኑ ይቀጡ ነበር፤ ከተከሰሱት መካከል የንጉሡ የራሳቸው ልጆች እንኳ ነበሩ። ንጉሡ በመጽሐፈ ብርሃንና በሌሎች ድርሰቶቻቸው ጠንቋይንና ሟርተኛን አጥብቀው ተቃውመዋል።

ለዚህ ጥናት የሚጠቅመው ነገር ከዚያ በኋላ በደስክ ላይ የደረሰው ነው። ስሙ ከአምልኮ ወጥቶ በክታብ ውስጥ ተገኘ። በብራና ተጽፈው በአንገት የሚንጠለጠሉት ወይም በቆዳ ማኅደር የሚያዙት ክታቦች ከሚዘረዝሯቸው የክፉ መናፍስት ስሞች መካከል ደስክ አንዱ ነው። በዐደባባይ ይመለክ የነበረው በአዋጅ ከተከለከለ በኋላ አልጠፋም፤ ሰውን የሚያሳምም ሆነ። በቤተ መንግሥት ፍርድ የተሸነፈ ኃይል በሰው አካል ላይ ተጠረጠረ። የሃይማኖት ታሪክ የሚያጠኑ ሰዎች ይህን መሰል ለውጥ በሌሎችም አገሮች አይተውታል፤ የተሻረ አምላክ ብዙ ጊዜ ጋኔን ሆኖ ይቀራል።

በክታብ ዝርዝር ውስጥ ድንገተኛ ሕመምን የሚመለከቱት ስሞች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዳንዶቹ እንደ ውግዓት፥ ፍልጸትና ቁርጸት ከስሜቱ የወጡ ናቸው፤ በአማርኛ ውጋት፥ ፍልጠትና ቁርጠት ከሚባሉት ጋራ አንድ ናቸው። ሌሎቹ የአድራጊው ስሞች ናቸው፤ ከእነርሱም የታወቁት ባርያና ለጌዎን፥ ዓይነ ጥላ፥ ቡዳና ዛር ናቸው። ክታብ ጸሐፊው ሁለቱን ሳይለይ በአንድ ረድፍ ያኖራቸዋል፤ የሕመምተኛውን የክርስትና ስምም በመካከሉ ይጽፋል። በዚህ ዐይነት ክታቡ እንደ ክስ ወረቀት ይሆናል፤ ከሳሹ በስሙ ተጽፏል፤ ተከሳሾቹም ማንም እንዳያመልጥ በሙሉ ተዘርዝረዋል።

ለጌዎን የሚለው ስም ረጅም መንገድ የተጓዘ ነው። በሮማይስጥ ወደ 5,000 የሚጠጋ ወይም ከዚያ የሚበልጥ ወታደር ያለበት የጦር ክፍል ስም ነበር። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ጋኔን ያደረበት ሰው ስሙን ሲጠየቅ የሰጠው መልስ ይህ ነው። ከጽርእ ወደ ግዕዝ ወንጌል፥ ከወንጌልም ወደ ክታብ ገባ። ከለጌዎን ጋራ ሁልጊዜ የሚጠራው ባርያ ደግሞ በሕዝቡ ዘንድ በተለይ የሚጥል በሽታ አድራጊ ሆኖ ይታወቃል። ይኸው ቃል በሌላ በኩል ተሽጦ የተገዛ ሰው መጠሪያ ሆኖ ስለ ኖረ፥ «ባርያ ጣለው» የተባለ ሰው ሁለት ሸክም ተሸከመ፤ አንዱ ሕመሙ ነው፥ ሁለተኛው ከቃሉ ጋራ የሚመጣው ንቀት ነው።

ልብ ሊባል የሚገባው ሌላ ነገር አለ። ብዙ ሕዝብ በአንድ ጊዜ የፈጀ በሽታ በአድራጊ ስም አልተጠራም። በ1911 ዓ.ም. ከዓለም ጋራ ኢትዮጵያን የመታው የሳንባና የጉንፋን ወረርሽኝ በወሩ «የኅዳር በሽታ» ተባለ፤ መታሰቢያውም ኅዳር 12 ቀን ጥራጊ በማቃጠል ቆየ። መከራው የሁሉ ሲሆን ቃሉ ዘመንን ይጠራል፤ መከራው የአንድ ሰው ብቻ ሲሆን ግን አድራጊ ይፈለግለታል። ጎረቤቱ ሁሉ ጤነኛ ሳለ «ለምን እርሱ ብቻ?» የሚለው ጥያቄ መልስ ይሻልና።

3. «በላ» የሚለው ግሥና ባለ እጆች

ከስድስቱ ወገኖች በኅብረተሰቡ ኑሮ ላይ ከባድ ውጤት ያመጣው «በላ» ነው። አሜሪካዊው የሰው ልጅ ባህል ተመራማሪ ሮናልድ ሬሚኒክ በመንዝ ባደረገው ጥናት ላይ ተመሥርቶ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1974 ዓመት ስለ ቡዳ ዐይን ያወጣው ጽሑፍ ይህን ነገር በሰፊው ይመረምራል። ከእርሱ በፊት ዶናልድ ሌቪን በመንዝ ተቀምጦ የአማራን ባህል አጥንቶ በ1965 መጽሐፉን አሳትሞ ነበር። ከሬሚኒክ ጥናት የምንረዳው ቡዳ ተብሎ መጠርጠር በሁሉም ላይ እኩል የማይወድቅ መሆኑን ነው። ባለ ርስት ገበሬ ራሱን ጨዋ ብሎ ሲጠራ፥ ጥርጣሬው የሚያርፈው ርስት በሌላቸው ባለ እጆች፥ በአንጥረኛው፥ በሸክላ ሠሪዋ፥ በቆዳ ፋቂውና በሸማኔው ላይ ነው። ቡዳ ሌሊት ወደ ጅብነት ይለወጣል የሚለውም እምነት ከዚሁ ጋራ ይሄዳል።

የሕመሙን ሁኔታ በዚህ ዐይን እንመልከተው። መልከ መልካም ሕፃን ወይም በሰው ፊት የበላ ሰው በድንገት ሆዱን ይቆርጠዋል፥ ይንቀጠቀጣል፥ ወይም ራሱን ይስታል። ይታጠናል፤ የጭሱ ምሬት ካስጨነቀው በኋላ ይለፈልፋል። በልፍለፋው ውስጥ የሚሰማው ስም የበላው ሰው ስም ነው ተብሎ ይታመናል። በሌላ አነጋገር፥ አእምሮው በትክክል የማይሠራ ሕመምተኛ በጭንቀት ጊዜ የተናገረው ቃል እንደ ምስክር ቃል ይያዛል። የመንደሩ ማረሻ ካለ አንጥረኛ አይሳልም፤ እንጀራውም ካለ ሸክላ ሠሪዋ ምጣድ አይጋገርም። የሁሉ ኑሮ የቆመባቸው ሰዎች በአንድ ግሥ ምክንያት ከጋብቻና ከማኅበር ተለይተው ኖሩ።

የመንግሥት ባለ ሥልጣኖች ይህን ጉዳት ሳያስተውሉት አልቀሩም። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብን ከለከሉ፤ አንጥረኛውንም ሸማኔውንም የሚሰድብ ሰው አገርን እንደሚጎዳ ገልጠው የሚሰድበውን እንደሚቀጡ አስታወቁ። አዋጁ ስድብን ሊከለክል ይችል ነበር። «በላው» የሚለውን ግሥ ግን ሊከለክል አልቻለም፤ ግሡ በስድብ ጊዜ ሳይሆን በድንጋጤ ጊዜ የሚነገር ነውና። ሕፃኑ ሲንቀጠቀጥ እናቱ የምትናገረው ባለ እጁን ለማዋረድ ሳይሆን ልጇን ለማዳን ነው። የቃሉ ኃይል ሥር የሰደደው በዚህ ቦታ ነው።

4. ስም ያልነበረው ሕመም

በአንጎል ደም ሥር መዘጋት ወይም መፍረስ ምክንያት በድንገት የሚደርሰው ሕመም በአማርኛ ለብዙ ዘመን የራሱ ስም አልነበረውም። ስም የነበረው ውጤቱ ነበር፤ «ሽባ ሆነ፥ ጎኑ ሰለለ፥ አፉ ተጣመመ፥ ምላሱ ታሰረ» ይባላል። በወንጌል የተነገረው የመፃጉዕ ታሪክ በዐቢይ ጾም አራተኛ እሑድ ስለሚታሰብ ሽባነት ለምእመናን ሁሉ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን የሚታሰበው ለብዙ ዓመት የተኛ በሽተኛ እንጂ በዚያች ቅጽበት የተመታ ሰው አይደለም።

የዚህ ስም አለመኖር በኢትዮጵያ ታሪክ ላይ ጥላውን የጣለበት ጊዜ አለ። በሰሜን ሸዋ በአንጎለላ በ1836 ዓ.ም. የተወለዱት ዐፄ ምኒልክ በመንግሥታቸው የመጨረሻ ዓመታት በተደጋጋሚ በዚህ ሕመም ተጠቁ። ግንቦት 1901 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ አልጋ ወራሽ መሆናቸው ተነገረ። በ1902 ዓ.ም. መጀመሪያ የደረሰባቸው ጽኑ ሕመም አካላቸውን አስሮ አንደበታቸውን ወሰደው፤ እስከ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ድረስም በዚህ ሁኔታ ኖረው ዐረፉ። ሞታቸው እንኳ ለሕዝብ በጊዜው አልተነገረም።

በእነዚህ ዓመታት በከተማና በቤተ መንግሥት የተነገረው ወሬ ሁሉ «ማን ምን አደረገባቸው?» የሚል ነበር። «መድኃኒት አደረጉበት» የሚለው አነጋገር ሕመሙን ወደ ሰው እጅ ይመልሰዋል። ይህ የኢትዮጵያውያን ብቻ አስተሳሰብ አልነበረም፤ ሽታይንኩለር የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም ራሱ ንጉሠ ነገሥቱ መርዝ ተሰጥቷቸዋል ብሎ በመናገሩ ብዙ ብጥብጥ አስነሥቶ ከቤተ መንግሥት ተወገደ። የሕክምና ትምህርት የነበረው ሰው እንኳ በሥልጣን ሽኩቻ መካከል ሲቆም ደም ሥሩን ትቶ አድራጊውን መፈለጉን ከዚህ እናያለን። ድንገተኛ ሕመም በታላቅ ሰው ላይ ሲደርስ የመንግሥት ጉዳይ ይሆናል፤ የመንግሥት ጉዳይም ተከሳሽ ሳያገኝ አያርፍም።

ስሙ የመጣው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው፤ እርሱም ከእንግሊዝኛ የተወሰደው «ስትሮክ» ነው። የቃሉ አገባብ ግን ለቋንቋ ተማሪ የሚያስደንቅ ነው። በእንግሊዝኛ የቃሉ ጥንተ ትርጉም «ምት» ማለት ነው። አማርኛ ተናጋሪ ቃሉን ተቀብሎ «ስትሮክ መታው» አለ፤ እንግዳውን ቃል ወስዶ በጥንታዊው ግሥ ላይ አስቀመጠው። እንዲሁም «ግፊት ጣለው፥ ስኳር ጣለው» ይባላል። የደም ግፊትና የስኳር በሽታ ባርያ ይቀመጥበት በነበረው ቦታ ተቀመጡ። ስለዚህ በሆስፒታል ዘመን የተለወጠው ባለቤቱ ነው፤ ግሡ እንደ ነበረ አለ።

5. የጃፓን ምሳሌ

ይህ ጠባይ የአማርኛ ብቻ አለመሆኑን ለማየት ከኢትዮጵያ ጋራ ምንም የቋንቋ ዝምድና የሌለውን የጃፓንን ቋንቋ መመልከት ይበቃል። በጃፓን የአንጎል ምት በጥንቱ አጠራር «ቹፉ» ይባል ነበር፤ ቃሉ ከቻይና የመጣ ሲሆን ትርጉሙ «በነፋስ መመታት» ነው። በጥንታዊው የቻይና ሕክምና ነፋስ የብዙ ሕመም ምክንያት ሆኖ ይቆጠራልና። «ሶቹ» የሚለው ሌላ ስም «ድንገት መመታት» ማለት ነው፤ ዛሬ ሐኪሞች የሚጠቀሙበት «ኖሶቹ» «አንጎል» የሚለውን ቃል በፊቱ ጨምሮ ይኸንኑ ይዟል። በፀሐይና በሙቀት ምክንያት ለሚደርሰው ድንገተኛ ሕመም የሚሰጠው «ኔቹሾ» የሚለው ስምም «በሙቀት የመመታት ሕመም» ማለት ነው፤ ምች ከሚለው ቃል ጋራ ያለው ተመሳሳይነት ግልጥ ነው። የሚነሣና የሚተው ሕመም ሁሉ በአጠቃላይ «ሆሳ» ይባላል፤ በቃሉ ውስጥ የመነሣት ትርጉም ስላለ «ሕመሙ ተነሣበት» ከሚለው የአማርኛ አነጋገር ጋራ ይቀራረባል።

ጃፓኖች እንደ «ክው አለ» ያሉ የድምፅና የመልክ ቃላትም አሏቸው። ወገብን በድንገት የሚይዝ ሕመም «ጊኩሪ ጎሺ» ይባላል፤ «ጊኩሪ» ድንገተኛ መናወጥን የሚሥል ቃል ነው። ከቡዳና ከጅብ ጋራ የሚነጻጸር ደግሞ «ኪጹኔ ጹኪ» የተባለ ነበር፤ በቀበሮ መንፈስ መያዝ ማለት ነው። በአንዳንድ የጃፓን ገጠር ቀበሮ አላቸው ተብለው የተጠረጠሩ ቤተሰቦች እንደ ባለ እጆች ከጋብቻ ይገለሉ ነበር። በቶኪዮ ያስተምር የነበረው ጀርመናዊ ሐኪም ኤርቪን ቤልዝ በ19ኛው መቶ ዓመት ይህን ሕመም መርምሮ የአንጎልና የአእምሮ ሕመም እንደ ሆነ አስረድቷል።

ከጃፓን የሚገኘው ትምህርት ግን በመመሳሰሉ ብቻ አያበቃም። በ2002 የፈረንጅ ዓመት የጃፓን የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር «የአእምሮ መከፋፈል ሕመም» የሚል ትርጉም የነበረውን ስም ሕመምተኞችንና ቤተሰቦቻቸውን ያዋርዳል ብሎ «የመዋሐድ ጉድለት» በሚል ትርጉም ለወጠው። በዚያ አገር ስም የሕክምና አንድ ክፍል መሆኑ ታምኖ በጉባኤ ተመከረበት። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ምክር ቢደረግ ከሁሉ በፊት የሚነሣው የሚጥል በሽታ ስም ነው።

6. ስሙና የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች

የሚጥል በሽታ በኢትዮጵያ ብርቅ አይደለም። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ያደረጉት በ1990 የፈረንጅ ዓመት የታተመ ጥናት ከ1,000 ሰው 5.2 የሚሆነው ይህ ሕመም እንዳለበት አሳየ፤ ከሕመምተኞቹ መካከል የሐኪም መድኃኒት ያገኙት 1.6 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ይኸውም መድኃኒቱ ስላልተገኘ አልነበረም፤ ፌኖባርቢታል የተባለው ርካሽ መድኃኒት ለዚህ ሕመም መዋል የጀመረው በ1912 የፈረንጅ ዓመት ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው ተገቢውን ሕክምና ካገኙ ከመቶ ሕመምተኞች እስከ 70 የሚሆኑት ያለ መንፈራገጥ ሊኖሩ ይችላሉ።

በመድኃኒቱና በሕመምተኛው መካከል የቆመው አንዱ ነገር ስሙ ነው። ባርያ የጣለው ሰው በሚንፈራገጥበት ጊዜ ከአፉ የሚወጣው አረፋ ይጋባል ተብሎ ስለሚፈራ የሚነካው ሰው አይገኝም። በመንዝ ቤት ውስጥ ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ መግለጥ አያስፈልግም፤ ምድጃው በቤቱ መካከል ነው። በሚጥል በሽታ የተያዙ ብዙ ኢትዮጵያውያን በፊታቸውና በእጃቸው ላይ የሚታየው የእሳት ጠባሳ ሕመሙ ያመጣው ብቻ አይደለም፤ ከእሳቱ የሚያወጣቸው እጅ በመዘግየቱም የመጣ ነው። የዳነውም ሰው ከትምህርት ቤትና ከጋብቻ ይርቃል፤ ጠባሳው የስሙ ማስረጃ ሆኖ ይኖራልና።

በወደቀው ሰው አፍንጫ ሥር ክብሪት መጫር ጥንታዊ ልማድ እንደ ሆነ ይነገራል። ነገር ግን ክብሪት ከባሕር ማዶ የመጣ ዕቃ ስለ ሆነ ልማዱ ከክብሪቱ ሊበልጥ አይችልም። ጭሱ የቀድሞውን የቅጠልና የሥር ዕጣን ተክቶ ገባ። መንፈስ በጭስ ይሸሻል የሚለው አሳብ ሳይለወጥ መሣሪያው ብቻ ተለወጠ፤ በስትሮክም ላይ ግሡ ሳይለወጥ ባለቤቱ ብቻ እንደ ተለወጠው ማለት ነው። ከዚህ የምንማረው ባህል የማይለወጥ አለመሆኑን ነው፤ አዲስ ነገር ሲመጣለት በቀድሞው ስፍራ ያስቀምጠዋል። ስለዚህ የጤና ትምህርት የሚሰጥ ሰው ሊጠይቅ የሚገባው «ይህን ልማድ እንዴት ላጥፋ?» ብሎ ሳይሆን «በዚህ ስፍራ ምን ላስቀምጥ?» ብሎ ነው።

ለዚህም ቋንቋው ራሱ መንገድ ያሳያል። «ባርያ ጣለው» ማለት አድራጊን መጥራት ነው። «የሚጥል በሽታ» ማለት ግን ጣዩ ከበሽታው በቀር ሌላ እንዳልሆነ መናገር ነው። ሁለቱ ስሞች አንድ ግሥ ይጋራሉ፤ አንደኛው ሰው ያስፈራል፥ ሁለተኛው ሥራውን ብቻ ይገልጣል። ይህ ስም ከሆስፒታል አልመጣም፤ ሕዝቡ ራሱ ያወጣው ነው። እንዲሁም «ራሱን ሳተ» የሚለው አነጋገር ማንንም ሳይከስ የሆነውን ይመሰክራል። እነዚህን ስሞች የተጠቀመ ሰው ወደ ወደቀው ለመቅረብ ምክንያት የሚከለክለው አይኖርም፤ ከእሳትና ከገደል ያርቀዋል፥ በጎኑ ያስተኛዋል፥ በአፉ ምንም ሳያስገባ እስኪነቃ ይጠብቀዋል።

የስትሮክ ጉዳይ ደግሞ ከሰዓት ጋራ የተያያዘ ነው። ደም ሥሩን የዘጋውን የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው ሕመሙ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። መድኃኒቱ የሚገኘው በትልልቅ ሆስፒታሎች ስለ ሆነ ከደጋ መንደር ተነሥቶ በጊዜው መድረስ አስቸጋሪ ነው። በዚህ ሰዓት ውስጥ «መጋኛ ነው» ተብሎ ፌጦ ሲፈለግ፥ ወይም «ማን መድኃኒት አደረገበት?» ተብሎ ሲመከር የሚያልፈው ጊዜ አይመለስም። «መታው» የሚለው ግሥ ግን ለአስተማሪ ይጠቅማል፤ ምት በሰዓቱ የሚታይ፥ ሰዓቱም የሚቆጠር ነገር ነውና። «መቼ መታው?» የሚለው ጥያቄ «ማን መታው?» የሚለውን ቢቀድም በሐኪምም በቤተሰብም ዘንድ ትክክለኛው ጥያቄ ይሆናል።

ወደ ጠበል መሄድን በሚመለከት፥ የሰሜን ሸዋ ሕዝብ ወደ ጻድቃኔ ማርያምና ወደ ሸንኮራ ዮሐንስ የሚያደርገው ጉዞ ከእምነቱ የሚለይ አይደለም፤ መድኃኒትን ከመዋጥ ጋራም በራሱ የሚጣላ አይደለም። የሚጎዳው መድኃኒቱን በማቋረጥ የሚደረገው ጉዞ ነው፤ ለረጅም ጊዜ የተወሰደ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ መንፈራገጡን ያብሳልና። ስለዚህ ካህኑና የጤና ሠራተኛው በአንድ ቋንቋ መነጋገር ይገባቸዋል፤ የጋራ ቋንቋቸውም የሚሆነው በሽታውን የሚጠራውና ሰውን የማይከሰው ስም ነው።

በአጠቃላይ፥ ከደብረ ብርሃን የዘርዐ ያዕቆብ ፍርድ ጀምሮ እስከ ዛሬው የጤና ጣቢያ ድረስ የድንገተኛ ሕመም ስሞች ሦስት ጊዜ ባለቤት ለውጠዋል። መጀመሪያ የተሻሩ አማልክት፥ ቀጥሎ መናፍስትና የተጠረጠሩ ጎረቤቶች፥ በመጨረሻም ግፊትና ስኳር በዚያው ግሥ ፊት ተሰለፉ። የመጨረሻው ለውጥ ገና አላለቀም፤ በአንድ ቤት ውስጥ አያት «ባርያ» ሲሉ የልጅ ልጅ «የሚጥል በሽታ» ይላል። ከሁለቱ ስሞች የትኛው እንደሚያሸንፍ የሚወሰነው በመዝገበ ቃላት አይደለም። የሚወሰነው በምድጃው አጠገብ ሰው በወደቀበት ሰዓት መጀመሪያ የሚነገረው ቃል የትኛው እንደ ሆነ ነው።